ፖርቱን ከመዝጋት በፊት ማን እንደያዘው ይታወቅ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ያለ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ዛሬ ኔትወርኩ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ብቻ አይደለም። የካሜራ መቅረጫው፣ የሠራተኛ አሻራ ማሽኑ፣ የዋይፋይ ራውተሩ፣ ፒችትሪ የተጫነበት የሒሳብ ኮምፒውተር፣ የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕና የእንግዳው ስልክ ሁሉም አንድ ስዊች ላይ ይገናኛሉ። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱ ፊንግ የሚባለውን የኔትወርክ መፈተሻ አፕ በስልኩ ያወርድና «የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር አሥራ ምናምን ፖርት ክፍት ነው» ብሎ ይመጣል፤ ፖርት ማለት አንድ ፕሮግራም በኔትወርክ በኩል ጥያቄ የሚቀበልበት ቁጥር ያለው በር ነው። ከዚያ ወይ ነገሩ ችላ ይባላል፣ ወይ ባለሙያ ተጠርቶ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። ሁለቱም መልስ አይሆኑም።

መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ፖርቱን የያዘው ፕሮግራም የትኛው ነው? ከየት ሆኖ ይደረስበታል? ማን፣ ለምን ሥራ ከፈተው? የፖርቱ ቁጥር ብቻውን ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። እነዚህ ሳይመለሱ የተዘጋ ፖርት በሳምንቱ ተከፍቶ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

ጉዳዩ አሁን የከበደበት ምክንያት አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በሲም ካርድ ራውተር ይሠሩ የነበሩ ኮምፒውተሮች በዚያን ጊዜ የዊንዶውስ ማሻሻያ የሚያገኙበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ፋይሉም ሶፍትዌሩም በፍላሽ ነበር የሚዞረው። መስመሩ ሲመለስ ብዙዎቹ ከነቀዳዳቸው ተመልሰው ኢንተርኔት ላይ ወጡ። በዚያ ላይ ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። የተገኘ ቀዳዳ በራሱ ጊዜ ይደፈናል ብሎ መጠበቅ የሚቻልበት ዘመን ለእነዚህ ማሽኖች አልፏል ማለት ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል ይናገራል

መረጃ በኔትወርክ ከሚላክባቸው ሁለት ስልቶች በአንዱ፣ በቲሲፒ፣ ከ0 እስከ 65535፣ በሌላው በዩዲፒም እንዲሁ ከ0 እስከ 65535 የሚደርሱ ቁጥሮች አሉ። እስከ 1023 ያሉት ለታወቁ አገልግሎቶች የተያዙ ናቸው። ከ49152 ጀምሮ ያሉትን ዊንዶውስ እንደ አስፈላጊነቱ ለጊዜያዊ ሥራ ያድላል። ስለዚህ አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ከ49664 ጀምሮ አምስት ስድስት ፖርቶች ተከታትለው ተከፍተው ቢታዩ የተለመደ ነው፤ የራሱ የሲስተሙ አገልግሎቶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፍተሻ መሣሪያው ከቁጥሩ ጎን የሚጽፈውን ስም እንደ ማስረጃ ሲወስድ ነው። ኤንማፕ የተባለው የፖርት መፈተሻ ፕሮግራም በቀላል ትዕዛዝ ሲሠራ ስሙን የሚያመጣው ከራሱ ዝርዝር ነው፤ ፖርቱን አናግሮ አይደለም። 31337 ክፍት ሆኖ ካገኘው ከጎኑ «ኤሊት» ብሎ ይጽፋል፤ ያ ቁጥር ባክ ኦሪፊስ ከተባለው የድሮ የጠለፋ ፕሮግራም ጋር ስሙ የተያያዘ ስለሆነ ሰው ይደነግጣል። ፖርቱን የያዘው ግን አንድ ተራ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው 443 ላይ «ኤችቲቲፒኤስ» ተብሎ የተጻፈው ነገር ጭራሽ ዌብ ሰርቨር ላይሆን ይችላል። ስሪት የመለየት አማራጩ፣ ማለትም ሰረዝ፣ ትንሹ ኤስና ትልቁ ቪ፣ ሲጨመርበት ኤንማፕ ፖርቱን አናግሮ የመለሰለትን ይጽፋል። ያለዚህ አማራጭ የተገኘ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት አይገባም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የዘመኑ አጥፊ ሶፍትዌር አብዛኛው ፖርት ከፍቶ አይጠብቅም፤ እሱ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ በ443፣ ወደ ጌታው ይደውላል። ስለዚህ «አጠራጣሪ ክፍት ፖርት የለም» ማለት «ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። የሚያዳምጡትን ብቻ ሳይሆን የተመሠረቱ ግንኙነቶችንም ማየት ያስፈልጋል።

ከውስጥ ማየት

ምርመራው የሚጀመረው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነው። የትዕዛዝ መስኮቱ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ይከፈትና ኔትስታት ተብሎ ከክፍተትና ከሰረዝ ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ኤን፣ ኦ የሚሉት አራት ፊደሎች ይጻፋሉ። ኤ ሁሉንም አሳይ ነው፤ ቢ ፖርቱን የያዘውን ፕሮግራም ስም ያወጣል፤ ኤን አድራሻውን በቁጥር ያሳያል፤ ኦ የፕሮሰሱን (የሚሠራውን ፕሮግራም) መለያ ቁጥር ይጨምራል። ያለ አድሚኒስትሬተር ሥልጣን ቢ አይሠራም። ትዕዛዝ መጻፍ የማይመቸው ሰው ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን የዊንዶውስ መመልከቻ ከፍቶ ኔትወርክ በሚለው ገጽ ታች ያለውን የሚያዳምጡ ፖርቶች ዝርዝር ይመልከት፤ ፋየርዎሉ፣ ማለትም የኔትወርክ ጥያቄን የሚፈቅደውና የሚያግደው ዘበኛ፣ ይፍቀድ ወይም ይከልክል እዚያው ስለሚታይ ለጀማሪ እንዲያውም ይሻላል።

መጀመሪያ የሚነበበው የራሱ የኮምፒውተሩ አድራሻ የተጻፈበት ዓምድ ነው። 127.0.0.1 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከዚያ ኮምፒውተር ውጭ በኔትወርክ በኩል አይደረስበትም። 0.0.0.0 ላይ የሚያዳምጥ ግን በሁሉም የኔትወርክ ካርዶች በኩል የሚመጣን ጥያቄ ይቀበላል፤ እሱን የሚያግደው ፋየርዎሉ ብቻ ነው።

እስቲ ደብረ ማርቆስ ያለ የጅምላ ንግድ ቤት የሒሳብ ኮምፒውተር ላይ ምን ሊታይ እንደሚችል እንውሰድ። 135፣ 139 እና 445 ይኖራሉ፤ የዊንዶውስ ናቸው። ፋይል የሚጋሩበትን 445ን የያዘው መለያ ቁጥር 4 ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ሲስተም የሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ነው፤ «ፕሮግራሙ አይታወቅም» ተብሎ አይደነገጥም። 5040 እና 7680ም የዊንዶውስ ናቸው፤ ሁለተኛው የማሻሻያ ፋይሎችን በአንድ ኔትወርክ ያሉ ኮምፒውተሮች እንዲካፈሉ የሚያደርገው አገልግሎት ነው። 3351 እና 1583 ሲታዩ ጥርጣሬ ይነሣል፤ ግን የፒችትሪ ዳታቤዝ ሞተር፣ ፐርቬሲቭ የሚባለው፣ የሚሠራባቸው ፖርቶች ናቸው። እነዚህ ቢዘጉ በሌላው ኮምፒውተር ያለችው ገንዘብ ያዥ የድርጅቱን ፋይል መክፈት ያቅታታል፤ ሥራውም ይቆማል። መፍትሔው መዝጋት ሳይሆን በፋየርዎሉ ሕግ ውስጥ ስኮፕ በሚለው ክፍል ገብቶ ለቢሮው አድራሻዎች ብቻ፣ ለምሳሌ ለ192.168.1.0/24፣ ማለትም በ192.168.1 ለሚጀምሩት ሁሉ፣ መፍቀድ ነው።

ቀጥሎ 7070 ይታያል። ያዡ ኤኒዴስክ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም፣ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ቫይረስ አይደለም፤ ጥያቄው ማን ጫነው፣ ያለ ሰው ፈቃድ የሚያስገባ የይለፍ ቃል ተሰጥቶታል ወይ፣ ያንን የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ነው። ፒችትሪ ሊያስተካክል ከአዲስ አበባ በሪሞት የገባ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ፕሮግራሙ በየቀኑ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሣል። ማንም አጥፋው ብሎ አልነገረውምና።

በመጨረሻ 1688 አለ። ይህኛው ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። 1688 የማይክሮሶፍት የድርጅት ፈቃድ ማረጋገጫ ሰርቨር ፖርት ነው። አንድ የንግድ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ ፖርት ሲያዳምጥ ከተገኘ ዊንዶውሱ ወይም ኦፊሱ በኬኤምኤስ ማንቂያ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዛ በሚያስከፍት መሣሪያ፣ የተከፈተ ነው ማለት ይቻላል፤ ማንቂያው ራሱን እንደ ሰርቨር አስመስሎ እዚያ ይቀመጣል። ችግሩ የፈቃድ ብቻ አይደለም። እነዚህን መሣሪያዎች ለመጫን አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ይጠየቃል፤ ፋይሉ ከየትኛው እጅ እንደመጣ አይታወቅም፤ ሲጫንም ሙሉ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ይወስዳል። ከማንቂያው ጋር ተጠቅልሎ ሌላ ነገር ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ያለው መንገድ ፋይሉን ራሱን መመርመር ነው።

ፋይሉ እንዴት ይመረመራል? በመለያ ቁጥሩ ተይዞ ታስክ ማናጀር ውስጥ የፋይሉ መገኛ ይከፈታል። ኤስቪሲሆስት የሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ትክክለኛ ቤቱ ሲስተም 32 ፎልደር ነው፤ በተጠቃሚው አፕዳታ ወይም ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ይዞ የተገኘ ከሆነ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ቀጥሎ የፋይሉ ዲጂታል ፊርማ ይታያል፤ ቀጥሎ ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ የፋይሉ ሻ 256 አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ መለያ፣ ይወጣል። 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ይህ አሻራ ቫይረስቶታል በሚባለው የፋይል መመርመሪያ ድረገጽ ላይ ይፈለጋል። ፋይሉን ራሱን ወደዚያ ከመላክ አሻራውን መፈለግ ይሻላል፤ እዚያ የተላከ ፋይል ሌሎች እጅ ሊገባ ይችላል፤ የክሊኒክ ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋም ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ በስሕተት የደንበኛ መረጃ አብሮ ሊወጣ ይችላል። አሻራው አልተገኘም ማለት ግን ፋይሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያየው የለም ማለት ብቻ ነው።

የተመሠረቱ ግንኙነቶችን ስናይ አንድ ምልክት ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ኮምፒውተር ወደ ብዙ የተለያዩ አድራሻዎች፣ ሁሉም ወደ 445፣ ጥያቄ ልኮ መልስ ሲጠብቅ፣ ማለትም ሲን ሴንት የሚል ሁኔታ በረድፍ ተደርድሮ ከታየ፣ ያ ማሽን ሌሎችን እየፈለገ ነው። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ትል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው መጋቢት 5 ቀን፣ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ነበር፤ የተጎዳው ያላሻሻለው ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሲገኝ ምርመራው ይቆይና መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀላል።

ከውጭ ማየት

ከውስጥ የታየው ከሌላ ኮምፒውተር በኤንማፕ ይረጋገጣል። ኤንማፕ ካልታዘዘ በቀር የሚያየው በብዛት የሚገኙትን 1000 የቲሲፒ ፖርቶች ብቻ ነው፤ ሁሉንም እንዲያይ ሰረዝ፣ ትንሹ ፒና ሌላ ሰረዝ ተከታትለው ይጻፉለታል። ዩዲፒ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። የሊኑክስ ማሽን ለተዘጋ የዩዲፒ ፖርት የሚሰጠውን መልስ በሴኮንድ አንድ አካባቢ ስለሚገድበው አንድ ማሽን ላይ ሁሉንም መፈተሽ ከ18 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ 53፣ 123፣ 161፣ 1900 እና 5353ን የመሳሰሉትን ለይቶ ማየት ይበቃል።

ኤንማፕ ክፍት የሚለውን ኔትስታት ካላሳየ ቶሎ ወደ «የተደበቀ ቫይረስ» አይኬድም። እኛ አካባቢ ቀዳሚው ምክንያት መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ቀላል ራውተር ደግሞ ያደለውን አድራሻ ስለማያስታውስ ትናንት የሒሳብ ኮምፒውተሩ የነበረው 192.168.1.14 ዛሬ የካሜራው ይሆናል። ሰው የካሜራውን ፖርት አይቶ ኮምፒውተሩን ይከሳል። መፍትሔው ከአድራሻው ጋር የማክ ቁጥሩን፣ ማለትም የዕቃውን የኔትወርክ ካርድ መለያ፣ መመዝገብ ነው፤ ኤአርፒ በሚለው ትዕዛዝ ይታያል። ማክ ቁጥሩ ያው ሆኖ ልዩነቱ ከቀጠለ ብቻ ነው ሲስተሙ ራሱ እየዋሸ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠረጠረው።

ከኢንተርኔት በኩል ሲታይም የሚያሳስት ነገር አለ። በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆኖ የራስን የውጭ አድራሻ መፈተሽ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከውጭ የማይታየውን የራውተሩን የውስጥ ገጽ ነው። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ መሞከር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ራውተሩ ውስጥ ገብቶ የዋን (የውጭ መስመር) አድራሻው ይታይ። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 መካከል ያለ ከሆነ ከፊቱ የቴሌኮሙ የጋራ አድራሻ አለ፤ ዌብሳይት ላይ «አድራሻዎ ይህ ነው» ተብሎ የሚታየው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ እሱን መፈተሽም የሌላ ሰው ኔትወርክ መነካካት ይሆናል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላን ሥርዓት መድረስን ወንጀል ያደርጋል። ለደንበኛ የሚሠራ ባለሙያም የሚፈትሻቸውን አድራሻዎችና ቀኑን የያዘ የጽሑፍ ፈቃድ ቢይዝ ራሱን ይጠብቃል።

እኛው የከፈትናቸው

ከኮምፒውተሮቹ ይልቅ ከባዱ አደጋ ያለው ራውተሩና ካሜራው ላይ ነው፤ ከፋቹም አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አጥቂ ሳይሆን ካሜራውን የገጠመው ሰው ነው። ባለቤቱ ባሕር ዳር ሆኖ ዳንግላ ያለውን ሱቁን በስልኩ ማየት ይፈልጋል። ገጣሚው ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርዲንግ፣ ማለትም ከኢንተርኔት የሚመጣን ጥያቄ ወደ ካሜራው የሚያሳልፍ ሕግ፣ ይሠራል፤ ሂክቪዥን ከሆነ 8000፣ ዳሁዋ ከሆነ 37777፣ ለምስሉ 554፣ ለዌብ ገጹ 80። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ወይም 12345 ሆኖ ይቀራል። ሚራይ የተባለው ትል በ2009 መጀመሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የሰበሰበው 23 እና 2323 ላይ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ ነው፤ ረቂቅ ቀዳዳ አላስፈለገውም። የአምራቹ አፕ በመለያ ቁጥር ስለሚያገናኝ ይህ ሁሉ ፖርት መከፈቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ዩፒኤንፒ የሚባለው አገልግሎት ራውተሩ ላይ ካልጠፋ ደግሞ ካሜራው ማንንም ሳይጠይቅ ፖርቱን ራሱ ያስከፍታል፤ ከፎርዋርዲንግ ገጹ ሌላ የዩፒኤንፒን ዝርዝር ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሆቴሎችና ኢንተርኔት ቤቶች ለሚጠቀሙበት ማይክሮቲክ ራውተር የተለየ ትኩረት ይገባል። ሚያዝያ 2010 በ6.42.1 ስሪት የተደፈነው የዊንቦክስ (የራውተሩ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ቀዳዳ፣ ፖርቱ 8291 ነው፣ አጥቂው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል ሳይገባ እንዲያነብ ያስችለው ነበር። እዚህ ላይ የሚዘነጋው ነገር ማሻሻል ብቻውን አለመብቃቱ ነው፤ የይለፍ ቃሉ አስቀድሞ ከተነበበ ከማሻሻያውም በኋላ ይሠራል። በዚያ ዘመን የተጠለፉ ብዙ ራውተሮች ሶክስ የሚባል ፕሮክሲ 4145 ወይም 4153 ላይ ተከፍቶባቸው ነበር፤ ሌላው ዓለም በእነሱ መስመር ያልፋል፣ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ያማርራል። ስለዚህ አይፒ በሚለው ማውጫ ሥር ሶክስ፣ ዌብ ፕሮክሲና ሰርቪስስ፤ ሲስተም ሥር ደግሞ ስኬጁለር፣ ስክሪፕትስና ዩዘርስ አንድ በአንድ ይታዩ። ያልታወቀ ስክሪፕት ወይም ተጠቃሚ ከተገኘ በላዩ ላይ ከማስተካከል ኔትኢንስታል በሚባለው መንገድ አዲስ ሲስተም መጫን ይሻላል። የድረገጽ ስምን ወደ አድራሻ በሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ መቀበል ተፈቅዶ 53 በፋየርዎል ካልታገደም ራውተሩ ሌሎችን ለማጥቂያ ይውላል።

የአሻራ ማሽኑ በ4370 ይሠራል። በዜድኬቲኮ ምርቶች የኮሙኒኬሽን ቁልፉ ከፋብሪካ 0 ሆኖ የሚመጣ ስለሆነ እዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ማንም ሰው የሰዓት መዝገቡን ሊነካ ይችላል። ቁልፉ ይቀየር፤ የእንግዳ ዋይፋይ ከቢሮው ኔትወርክ ይለይ።

3389፣ ማለትም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ተከፍቶ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ይዘጋና በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይተካ። ቁጥሩን ወደ 33890 መቀየር ሙሉውን የሚፈትሽን ሰው አያግድም። ከመዝጋት በፊት ግን ኢቨንት ቪወር ውስጥ የሴኩሪቲ መዝገቡ ይነበብ፤ 4625 ያልተሳካ መግባት ነው፣ 4624 የተሳካ፣ ዓይነቱ 10 ከሆነ በሪሞት ዴስክቶፕ የተገባ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ 4625ዎች ተከታትለው መጨረሻ ላይ አንድ 4624 ከመጣ ነገሩ አልቋል። 1102 ከተገኘ ደግሞ መዝገቡን ያጠፋው ሰው አለ።

ፎርማት ለምን መልስ አይደለም

ከተማ ውስጥ ያለው የተለመደ ሕክምና «ፎርማት እናድርገው» ነው። ኮምፒውተሩ ይጸዳል፤ ግን የገባበት መንገድ ከነማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ዊንዶውሱ ከዚያው ፍላሽ፣ በዚያው ማንቂያ እንደገና ይጫናል፤ 1688 በዚያው ቀን ይመለሳል። ራውተሩ ላይ ያለው ፎርዋርዲንግ ስላልተነካ፣ አዲሱ ማሽን ያንኑ አድራሻ ሲይዝ 3389ም ክፍት ሆኖ ይቀጥላል።

ስለዚህ ማስረጃው ይቅደም። ኮምፒውተሩ አይጥፋ፣ ሪስታርትም አይደረግ፤ ማህደረ ትውስታው ላይ ብቻ ያለ ነገር ይጠፋል። የኔትስታቱ ውጤት ከትዕዛዙ ቀጥሎ የመብለጥ ምልክትና የፋይል ስም ተጽፎ ወደ ፋይል ይገልበጥ፤ ስክሪኑ ሰዓቱ እንዲታይ ሆኖ በስልክ ይነሣ። ከዚያ ገመዱ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ይጥፋ፤ ሌሎችን እየፈለገ ያለ ማሽን ከሆነ ግን ከላይ እንደተባለው መንቀሉ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ብቻ አውቶራንስ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ሁሉ፣ በሲስተም መዝገብ ውስጥም 7045፣ ማለትም አዲስ የተጫነ አገልግሎት፣ መቼ እንደተመዘገበ ይታይ። ውጤቱ የተቀዳበት ፍላሽ ሳይፈተሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይሰካ። የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ ነክቶ ከሆነ ለኢንሳ (ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ያኔ የሚጠየቀው እነዚሁ ፋይሎች ናቸው።

መዝጋቱም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይራገፋል ወይም አገልግሎቱ ይቆማል፤ ቀጥሎ የፋየርዎል ሕጉ፤ ቀጥሎ የራውተሩ ፎርዋርዲንግ ይነሣል። ፋየርዎሉን ብቻ የዘጋ ሰው ፕሮግራሙን በሕይወት ትቶታል። «ፍቀድ» የሚለው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የሚፈጠረው ሕግም ፕሮግራሙ ከተራገፈ በኋላ እዚያው ሊቀር ስለሚችል ተፈልጎ ይሰረዝ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፕሮግራሞችን በየሳጥናቸው የሚያስኬደው ዶከር ካለ ፋየርዎሉ ዩኤፍደብልዩ ዘግቶታል ተብሎ አይታመን፤ ዶከር የሚከፍተው ፖርት በእሱ በኩል አያልፍም፤ የግድ ከውጭ ይፈተሽ። አሮጌው የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ስልት፣ ኤስኤምቢ 1፣ ሲጠፋ ደግሞ ስካን ያደረገውን በቀጥታ ወደ ፎልደር የሚልከው የድሮ ኮፒ ማሽን ሥራውን ያቆማል። ለጸሐፊዋ ቀድሞ ይነገርና ማሽኑ በፍላሽ ወይም በኢሜይል እንዲልክ ይስተካከል፤ ካልሆነ በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ይከፍተዋል።

ሁሉም ከጸዳ በኋላ ኤንማፕ እንደገና ይሮጥና ውጤቱ ይቀመጥ፤ በየማሽኑ አንድ ወረቀት፦ ማክ ቁጥሩ፣ ክፍት ፖርቶቹ፣ የያዛቸው ፕሮግራም፣ ያስከፈተው ሰውና ቀኑ። በየወሩ፣ እንዲሁም የውጭ ባለሙያ ገብቶ በወጣ ቁጥር፣ አዲሱ ፍተሻ ከዚህ ወረቀት ጋር ይነጻጸር። ወረቀቱ ላይ የሌለ ፖርት ሲመጣ ምርመራው ከዚያ አንድ መስመር ይጀምራል።